በማይክሮፎን የወሰድኩት ሳፋ

ኦሮራ ባለው ደብራችን ውስጥ የእኔ እጅ ያልነካውን ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ይህን ስናገር አልኮራም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እኮራለሁ። የመግቢያውን ድርብ በር የሰቀልኩት እኔ ነኝ። የጫማ መደርደሪያውን፣ የመጻሕፍቱን አትሮንስ፣ ለሽማግሌዎች ከኋላ የተደረደሩትን አግዳሚ ወንበሮች የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ የሙያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ዴንቨር መሀል ከተማ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ወለል ወልዋይ ሆኜ ገባሁ። የተሰበረ ወንበር ሲጣል እያነሳሁ፣ እየፈታሁ፣ እንዴት እንደተገጣጠመ እያየሁ፣ ጡረታ ስወጣ የጥገና ክፍሉ አለቆች መላ ሲጠፋቸው የሚጠሩት ሰው ሆኜ ነበር። እንግሊዝኛን እንኳ የለመድኩት በመሣሪያ ካርቶኖች ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው። የሠራሁት ዕቃ ሁሉ ከሥሩ ስሜ አለበት። እንጨት ከሆነ በጋለ ብረት እተኩሰዋለሁ፣ ብረት ከሆነ እቀርጸዋለሁ። ወንበር ገልብጦ የሚያይ ሰው ባይኖርም እኔ ስሜ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ።

ቅዱሱን መጽሐፍም ያጠናሁት በዚሁ መንገድ ለብቻዬ ነው። በተለይ እስራኤል በምድረ በዳ ስለሠሩት ድንኳን የሚጠይቀኝ ካለ አላሳፍረውም። የታቦቱን ርዝመትና ወርድ፣ መሎጊያዎቹ የሚያልፉባቸውን ቀለበቶች፣ የኅብስቱን ገበታ፣ የዕጣኑን መሠዊያ፣ ከአንድ ወርቅ ተቀጥቅጦ የወጣውን ባለሰባት መብራት መቅረዝ በቃሌ እናገራለሁ። ሌላ ሰው እዚያ ክፍል ሲደርስ ክንዱና ስንዝሩ ሰልችቶት ገጹን ይገለብጣል። እኔ ግን የእንጨት ሰው ስለሆንኩ አንድ ባለሙያ ለሌላ ባለሙያ ሥራ ሲያስረክብ የምሰማ ይመስለኛል። ስለዚህ ደብሩ ከኪራይ አዳራሽ ወጥቶ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ያለውን የቀድሞ ምንጣፍ መደብር ሲገዛና ቤቱን በንዋየ ቅድሳት የማሟላቱ ነገር ሲነሣ፣ ቄሱ "ጋሼ፣ እስቲ ስለ ድንኳኑ ለሕዝቡ ያስተምሩልን" ቢሉኝ አልገረመኝም። የገረመኝ እስከዚያ መዘግየታቸው ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ምሳውን እየበላ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። ለድንኳኑ ሥራ ስጦታ የተጠየቀው ከማን እንደነበር አስረዳሁ። ከሀብታም አልተባለም፣ ከሹም አልተባለም፤ ልቡ ከፈቀደ ሰው ተባለ። ወርቅ ያለው ወርቁን፣ የፍየል ጠጉር ያለው ጠጉሩን አመጣ። ሴቶቹ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ፈተሉ። በድንኳኑ ደጅ የሚያገለግሉት ሴቶች ደግሞ መስተዋታቸውን ሰጡ። ያን ጊዜ መስተዋት ማለት የተወለወለ ነሐስ ነበር፤ ካህናቱ የሚታጠቡበት ትልቅ ሰን ከዚያ ተሠራ። በመጨረሻም የመጣው ከሚያስፈልገው በለጠና ሙሴ ሕዝቡን ከእንግዲህ አታምጡ ብሎ ከለከለ። "አያችሁ፣" አልኩ፣ "ማንም ስላልተገደደ ነው የተትረፈረፈው።" ድምፄ ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ ለራሴም ደስ አለኝ።

ከዚያ ሐሳቤን ገለጥኩ። እኔ ጉልበቴንና ጥበቤን እሰጣለሁ፣ ሕዝቡ ነሐስ ይስጥ፤ ከሁሉም ቤት በመጣ ነሐስ አንድ ትልቅ ባለሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ይሠራል። ከመጋረጃው ውጭ፣ መዘምራኑ ከሚቆሙበት ጎን እንዲቆም ቄሱ ፈቅደውልኛል። "ልቡ የፈቀደ ያምጣ" አልኩና፣ በደንብ እንዲሰማ ደገምኩት።

ሰው አላሳፈረኝም። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ልጆች የተጣለ የነሐስ ቧንቧ አመጡ። ሊትልተን የሚኖር አንድ ቤተሰብ የአሮጌ አልጋ ራስጌ በመኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ መጣ። የበር እጀታ መጣ፣ የሻማ ማቆሚያ መጣ፣ አንድ አባት ልጁ መንፋት የተወውን የትምህርት ቤት ጡሩምባ አመጣ። ከሆቴል ዘመኔ ጀምሮ የማውቀው፣ አሁን የኤርፖርት ሻትል የሚነዳው ወዳጄ ጡሩምባውን ሲያይ፣ "ኢንጂነር፣ መቅረዝ ልትሠራ ነው ወይስ ኢያሪኮን ልትጥል?" አለኝ። ኢንጂነር የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ነው፤ እኔ ግን ስሙን አልጠላውም።

በየእሑዱ የመጣውን ዕቃ እያነሳሁ የሰጪውን ስም በማይክሮፎን እጠራ ነበር። ስም ሲጠራ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሰጪው አንገቱን ይሰብራል፣ ቄሱ ከሩቅ ይባርካሉ። ይህ ልማዳችን ነው፤ ደብሩ በኪራይ አዳራሽ ሳለም ጃንጥላና ምንጣፍ የሚያመጣ ሰው ስሙ ይጠራለት ነበር። አዲሱ ነገር እንዲህ በየሳምንቱ መሆኑና ጠሪው እኔ መሆኔ ነው።

አሁን ስለ ጠረጴዛው መናገር አለብኝ። በደብራችን ከቅዳሴ በኋላ ጠበል እንዲረጭበት የሚፈልጉትን ነገር ሰዎች ከመጋረጃው ፊት ባለ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፤ በላስቲክ ጠርሙስ የመጣ ውሃ፣ የአዲስ መኪና ቁልፍ፣ ለፈተና የሚቀመጥ ልጅ ደብተር። ቄሱ ረጭተው ሲጨርሱ ሁሉም ዕቃውን አንስቶ ይሄዳል። የስጦታው ነሐስ ግን የሚቀመጠው በር አጠገብ ነበር። አዳራሹን ሳስተካክል መንገድ ዘጋ ብዬ የበሩን ጠረጴዛ አነሳሁትና ስጦታውም ጠበሉም በአንዱ ጠረጴዛ ላይ እንዲሆን አደረግኩ። ማንንም አላማከርኩም። ስለ አዳራሹ ዕቃ ማማከር የለመድኩ ሰው አይደለሁም።

በተከታዩ እሑድ ጠረጴዛው ላይ በነጠላ የተሸፈነ ነገር አየሁ። ነጠላውን ገለጥ ሳደርገው የነሐስ ሳፋ ነው። ወፍራም፣ ክብ፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ የታጠፈ፣ ዙሪያውን ስስ ሐረግ የተቀረጸበት፣ እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ በየትም አይገኝም። የመቅረዜ ግንድና ቅርንጫፎቹ አልቀው እግር ብቻ ነበር የጎደለኝ፤ የሞከርኩት ሁሉ ወይ ይቀልላል ወይ ያነክሳል። ሳፋውን በሐሳቤ ገለበጥኩት። በቃ፣ እግሩ እሱ ነው። ወዳጄን "የማን ነው?" አልኩት። ከዓምዱ ጎን ወደቆሙ፣ በዕድሜ እኩያዬ ወደሚሆኑ ሴት በአገጩ ጠቆመኝና ስማቸውን ነገረኝ። ባላቸው ታመው ቤት እንደዋሉ ከመስማት በቀር ብዙም አላውቃቸውም ነበር።

ሳፋውን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ስማቸውን ጠራሁ። "እነዚያ ሴቶች መስተዋታቸውን እንደሰጡ፣ እህታችንም ይህን ሰጥተውናል!" አልኩ። እልልታው አዳራሹን ሞላው። ሴትየዋ ቀኝ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አነሱ፤ መዳፋቸው ወደ እኔ ዞሮ ነበር። አፋቸውም ተከፈተ። ከዚያ አጠገባቸው ያሉት ሴቶች አቅፈው ይስሟቸው ጀመርና እጃቸው ወረደ።

ያ እጅ ምን እንደሚል ማንም ያውቃል። መኪና ለማቆም የሚነሳ እጅ ነው። እኔ ግን ትሕትና ነው አልኩ፤ ሙገሳ በዝቶባቸው ነው አልኩ። ይህን ለራሴ ስነግረው ሳፋውን ብብቴ ሥር አስገብቼው ነበር።

ጋራዤ ውስጥ መሀሉን በመሰርሰሪያ በሳሁት፤ ሳፋው እንደ ደወል ዘመረ። ነሐሱ እንደ ወርቅ ጸጉር እየተጠቀለለ ወጣ። የግንዱን ዘንግ በቀዳዳው አሳልፌ ከውስጥ በትልቅ ዳዶ አሰርኩት፤ ከከንፈሩ ውስጠኛ ጎን ስሜን ቀረጽኩ። መቅረዙ በቆመበት ቀን ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሳው ዋለ። እኔም አነሳሁና ለሆቴሉ የድሮ ባልደረቦቼ ላክሁላቸው። ሦስት ሰው ገፍቶት አይነቃነቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። መቅረታቸውን ያወቅኩት ግን በራሴ አይደለም።

አንድ እሑድ አንዲት ልጅ የሆስፒታል ሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣችና ወንበር የምጠግንበት ድረስ ገባች። የባለሳፋዋ ልጅ መሆኗን ነገረችኝ።

"ጋሼ፣ ሶሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእናቴ ሳፋ የት ነው ያለው?"

"ያውልሽ" አልኳትና መቅረዙን አሳየኋት። "እናትሽ ትልቅ ሥራ ነው የሠሩት። ያለሱ አይቆምም ነበር።"

ከላይ እስከ ታች አየችው። እግሩ ላይ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

"ገልብጠውታል" አለች። ቀጥላም፣ "እንዳልነግርዎ አስምላኛለች፤ ግን አባቴ ሊሄድብን ነው" አለችኝ።

አባቷ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። እሷን ራሷን አያውቋትም። እሷ የተወለደችው ወላጆቿ ሱዳን በስደት ሳሉ ነበር፤ ያ ሳፋ መጀመሪያ የታጠበችበት ዕቃ ነው፣ ያጠቧትም አባቷ ናቸው። አሁን ሁሉን ረስተው እሱን ብቻ አልረሱም። "ሳፋውን ሲያየው፣" አለች፣ "አራስ ልጁን የሚያጥብ ይመስለዋል። በጣቱ መትቶ ቂው ያደርገዋል። ከዚያ እጁን ነክሮ ውሃው ለልጅ ይሆናል አይሆንም እያለ ሲያይ፣ በዚያ ሰዓት እናቴ ታጥበዋለች። ኤቭሪ ደይ እንደዚያ ነበር።"

"በሌላ ዕቃስ?"

"በፕላስቲኩ ሞከረች። ሌባ ልብሴን ገፈፈኝ ብሎ ጮኸ፣ እጇን ጠመዘዘው። ከኤጀንሲ የሚመጣው ረዳትም አልችልም ብሎ ቀረ። አሁን ነርሲንግ ሆም ሊገባ ነው፤ ቦታም አግኝተንለታል። እናቴ፣ እዚያ ማን በአማርኛ ያናግረዋል እያለች ታለቅሳለች።"

ይህን ሁሉ ሰምቼ ከአፌ የወጣው፣ "ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ቤት የተሰጠ ዕቃ እኮ አይመለስም" የሚል ነበር።

"ማን ሰጠ፣ ጋሼ? አባ ጠበል እንዲረጩላት ነው ያስቀመጠችው። አባቴን ከባሰበት እንዲሻለው ብላ። ስሟን ሲጠሩ እጇን አንስታለች። አላዩአትም?"

"አላየሁም" አልኩ።

ልጅቷ ቁልፏን ከኪሷ አወጣችና ወደ ሺፍቷ ሄደች። እኔ የያዝኩትን ወንበር እግር ማጣበቂያ ቀብቼ ሳልገጥመው ደረቀ።

ነገሩን ያለ ማይክሮፎን ልጨርሰው ፈለግኩ። ሃቫና ስትሪት ላይ የአረብ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ የሚያብረቀርቅ ሳፋ ገዛሁና ቤታቸው ሄድኩ። ሴትየዋ በር ሲከፍቱ እጃቸው አንጓው ላይ በፋሻ ታስሯል። ስልሳ ዓመት ያህል ያልተያየ ዘመድ እንደመጣባቸው ነው የተቀበሉኝ፤ ወንበር ጠረጉልኝ፣ ትራስ ከጀርባዬ አደረጉልኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ባልየው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ረጅም፣ መልከ መልካም ሽማግሌ ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ያልታጠበ ሰውነት ጠረን ነበር፤ ሴትየዋ እንዳውቀው ስላልፈለጉ መስኮቱን ከፈት አደረጉት።

ሳፋውን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሽማግሌው በጣታቸው መቱት። ሌላ ጊዜ መቱትና ገፉት።

"ይሄ ቆርቆሮ ነው" አሉ። "ሰውዬው ማነው? ዕቃ ሻጭ ነው?"

"የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው" አሉ ሚስታቸው።

"ንገሪው እንግዲህ። ልጅ በቆርቆሮ አይታጠብም።"

ያኔ፣ "እህቴ፣ መቅረዙን ፈትቼ የእርስዎን አመጣለሁ" አልኩ።

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"ስሜ ተጠርቶበታላ፣ ወንድሜ። እልል ተብሎለታል። የእግዚአብሔርን ዕቃ ቤቴ መልሼ በዚህ ሰውዬ ላይ ሌላ ነገር ልጨምርበት?"

"በዚያን ቀን አልሰጠሁም ቢሉኝ ኖሮ እኮ..."

"ያ ሁሉ ሰው እልል እያለ?" አሉ። ድምፃቸውን አልጨመሩም። "በቤተ ክርስቲያን መሀል አልሰጠሁም የምትል ሴት አይተው ያውቃሉ?"

አላየሁም። ይህኛው አላየሁም እውነት ነበር። አዲሱን ሳፋ ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።

በማግስቱ ቄሱ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው። ዕድሜያቸው የልጄ ነው፤ እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እርስዎ ጠርተዋቸው ለብቻቸው ቢፈቱላቸውስ፣ አባ? አንድ ጸሎት ደግመው ይውሰዱት ቢሏቸው?"

"ያልታሰረውን ምን ብዬ ልፍታው? አልሰጡም እኮ። ሳፋውን በምን ወሰዱት?"

"በእጄ።"

"በእጅዎ ቢወስዱትማ ኖሮ ተው ይሉዎት ነበር። በማይክሮፎን ነው የወሰዱት። በማይክሮፎን ይመልሱት።"

ለወዳጄ ስነግረው ሊስቅ ፈልጎ ፊቴን ሲያይ ተወው። "ምን ቸገረህ ታዲያ?" አለ። "ማይክሮፎን እንደሆነ ትወዳለህ።"

በዚያ ሳምንት የድንኳኑን ነገር እንደገና አነበብኩ። ብዙ ዓመት ሳነበው የምደሰትበት አንድ ነገር ነበር፤ የሠራተኛው ስም መጻፉ። ጥበብ የተሰጠው ሰው ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ነገዱ ሳይቀር ተጽፏል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ስለ ራሴ የተነገረ ያህል ደረቴ ይነፋ ነበር። በዚያን ሳምንት ግን ዓይኔ መስተዋት የሰጡት ሴቶች ላይ አረፈ። የአንዳቸውም ስም የለም። የሰጡትን ስም እየጠራ ያስጨበጨበላቸው አልነበረም፤ ካልሰጡትም ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ለካ ልብ የሚፈቅደው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አልሰጥም ማለት በማይቻልበት አዳራሽ ውስጥ ፈቃድ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ሙሴ እንኳ በቃችሁ ብሏል። እኔ በቃኝ ያልኩበት እሑድ አልነበረም። ይህን ያህል ዘመን ያስተማርኩት ነገር ውስጥ ይህ ነበረ፤ እኔ ክንድና ስንዝሩን ስለካ አልፌዋለሁ።

እሑድ ማይክሮፎኑን ስይዝ ሕዝቡ ሌላ ዕቃ ልጠራ መስሎት ዝግጁ ሆኖ ነበር። ሴትየዋ በልጃቸው ልመና መጥተው ከዓምዳቸው ጎን ቆመዋል።

"ይህን ደብር እንዴት እንዳገለገልኩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ" ብዬ ጀመርኩ። በሩን ጠቀስኩ፣ ወንበሮቹን ጠቀስኩ፣ አትሮንሱን ጠቀስኩ። ወዳጄ ከኋላ ሳል ሳል አለው። "በዚህ ሁሉ መካከል፣" አልኩ፣ "አንድ ስህተት ተፈጥሯል።"

"ማን ፈጠረው?" አሉ ቄሱ ከጎኔ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ማይክሮፎኑ ግን ያዘው። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

"እኔ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። "ይህች ሳፋ አልተሰጠችም። እህታችን ጠበል ሊያስረጩባት አምጥተዋት ነበር። ጠረጴዛውን ያቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ስማቸውን ስጠራ ተው ብለው እጃቸውን አንስተዋል። አይቻለሁ። ልጃቸው ስትጠይቀኝ አላየሁም ብያለሁ፤ አይቻለሁ። ሳፋዋ የቤተ ክርስቲያን ሆና አታውቅም። የእሳቸው ነች።"

እልል ያለ የለም። ከወጥ ቤቱ የሳህን ድምፅ ይሰማ ነበር። በዚያ አዳራሽ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያን ቀን የሰማኝ ግን የለም። ፊቴ ሲግል ለራሴ ይታወቀኝ ነበር፤ ወዴት እንደማይ አላውቅም ነበርና የራሴን ወንበሮች አየሁ። ሴትየዋ አጠገባቸው ካለችው ልጃቸው ጋር አንድ ነገር ተነጋገሩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን፣ ፋሻ ያለበትን፣ እስከ ትከሻቸው አነሱልኝ። በዚህ ጊዜ መዳፉ ወደ ውስጥ ነበር፤ እሺ፣ አምጣው የሚል።

መቅረዙን በዚያው ከሰዓት፣ ሰው እያየ፣ ፈታሁት። ቅርንጫፎቹን ግድግዳ አስደግፌ ሳፋውን ስገለብጠው ስሜ ከከንፈሩ ውስጠኛ ጎን ቁልጭ ብሎ ታየ። ለካ ረስቼው ነበር። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ አነበበውና ዳዶውን ከመሬት አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ጋራዤ ውስጥ ስሜን በሞረድ ፋቅኩት። ነሐሱን ሳልጎዳው ማጥፋት አልተቻለም፤ ቦታው ገብ ብሎ፣ ሐረጉም እዚያ ጋ ተቆርጦ ቀረ። ለቀዳዳው ከጡሩምባው ላይ ክብ ቁራጭ አወጣሁ፤ ጡሩምባውን የሰጠውን አባት አስፈቅጄ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት ውሃ አፈሰሰ። አነሳሁትና እንደገና በየድኩት፣ ሞረድኩት፣ ወለወልኩት። ውሃ ሞልቼበት አሳደርኩት፤ ጠብ አላለም። በጣቴ ስመታው ግን የድሮው ድምፅ አልነበረም። ያኔ በሳሁት ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ይዘምር የነበረው ነገር አሁን አጭር ሆኗል። ሽማግሌው የሚያውቁት በድምፁ ነዋ።

ቤታቸው ስደርስ ልጅቷም ነበረች። ሴትየዋ ሳፋውን ተቀብለው ሳሙት፤ የፋቅኩትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ለብ ያለ ውሃ ሞሉበትና ባላቸው ፊት አስቀመጡት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ የሙቅ ውሃውን ማንቆርቆሪያ ይዣለሁ፤ ማን እንዳስያዘኝ አላስታውስም።

ሽማግሌው በጣታቸው መቱት። ግንባራቸው ተቋጠረ። ሌላ ጊዜ መቱት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ሰውየው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ፤ ጣቶቻቸው ታቹን እየዳሰሱ ሄደው የጠገንኩት ቦታ ላይ ቆሙ። ዞረው ዞረው ዳበሱት። ቀና ብለው ያዩት እኔን ነው።

"ማነው የበሳት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ታዲያ ቆመህ ታየኛለህ? ሙቅ ጨምርበት እንጂ፤ ልጅቷ ይበርዳታል።"

ጨመርኩ። እሳቸው ውሃውን በመዳፋቸው እያማሰሉ "በቃ፣ በቃ፣ አሁን ለሷ ደህና ነው" ሲሉ ሚስታቸው ሸሚዛቸውን ፈቱ፣ አንገታቸውን አጠቡ፣ ጀርባቸውን አጠቡ። አልጮኹም። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ለነርሲንግ ሆሙ በእንግሊዝኛ፣ አሁን አናመጣውም፣ እናመሰግናለን ስትል ሰማኋት።

ሰው ዕድሜው ሲገፋ የሠራውን መቁጠር ይወዳል፤ እኔም ልቁጠር። የደብሩን በር ሰቅያለሁ፤ በነፋስ አይንቀጠቀጥም። አግዳሚ ወንበሮቹንና አትሮንሱን ሠርቻለሁ። መቅረዙ ዛሬ ከቤቴ የምግብ ጠረጴዛ በተቆረጠ እንጨት ላይ ቆሟል፤ ትንሽ ያነክሳል፣ ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን አድርጌበታለሁ። የጠበሉን ጠረጴዛ ከስጦታው ጠረጴዛ ለይቻለሁ፤ ስጦታውን ክዳን ባለው ሣጥን አድርጌዋለሁ፣ ማን ምን እንደጨመረበት አይታይም፣ ስምም አይጠራም። ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰው አስረክቤአለሁ። እንደገና መምጣት የጀመረው ረዳት በማይመጣበት ቅዳሜ ሄጄ ለሽማግሌው ውሃ እጨምራለሁ፤ ዕቃ ሻጩ መጣ ይላሉ። የሳፋውን ቀዳዳ ደፍኛለሁ፣ ጠብታ አያፈስም፤ በዚህ ከተማ እንዲህ አድርጎ የሚደፍን ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ስሜን አልጻፍኩበትም።